ሽማግሌ የፈረደባት መኪና

መኪናችንን ፀሐይ የላጣት በቀኝ ጎኗ ነው። እስራኤል ውስጥ፣ ቤርሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ በሚባል ሰፈር ያለው የሕንፃችን መኪና ማቆሚያ አንድም ዛፍ የለውም። ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ስለምናቆማት ቀኝ ጎኗ ከቀትር እስከ ምሽት ሲጠበስ ግራው በቆሻሻ መጣያው ግንብ ጥላ ውስጥ ይንደላቀቃል። መጀመሪያ ጣሪያዋ ላይ ሳንቲም የሚያህል ነጣ ያለ ነገር ወጣ። ከዚያ ኮፈኗ ላይ ያለው ቫርኒሽ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተነሳ ንፋስ ይወስደው ጀመር። ሌላ በጋ ሲጨመርበት ሰማያዊ የነበረችው መኪና የዓለም ካርታ መሰለች። አንዲት ጎረቤታችን የቀኙን በር ትክ ብላ አይታ፣ ይሄኛው የየት አገር ነው ብላ ጠይቃኛለች።

መኪናዋ የአባቴ ናት፤ የምነዳት ግን እኔ ነኝ። አባቴ መንጃ ፈቃድ የለውም። የጽሑፍ ፈተናውን በአማርኛ ሰጥተውት ነበር፤ ችግሩ ቋንቋው ሳይሆን ከጥያቄዎቹ ጋር አለመስማማቱ ነው። ሁለት መኪኖች መስቀለኛ መንገድ ላይ ቢገናኙ የትኛው ይቅደም ለሚለው፣ ከተሰጡት መልሶች ውስጥ በዕድሜ የሚበልጠው ሰው ያለበት የሚል ፈልጎ አጣ። ከዚያ ወዲህ በቀኝ በኩል፣ ከጎኔ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል።

መኪናዋ ብትላጥ ለረጅም ጊዜ ማንም ግድ አልነበረውም። ነገሩን ያመጣው የአባቴ የድሮ ጓደኛ ነው። ጎንደር ሳለን፣ ወደዚህ ለመምጣት ተራ ስንጠብቅ፣ በአንድ ግቢ አብሮን የኖረ ሰው ነው። ልጁ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሌላ ሰፈር የምትኖር ልጅ ወዶ ነበርና ወደ ቤቷ ሽማግሌ መላክ ነበረበት። ቤታችን መጥቶ አባቴን፣ ቃሉን የምትናገርልኝ አንተ ነህ አለው።

አባቴ በአገሩ ሰው ሲጣላ፣ ድንበር ሲጋፋ፣ ልጅ ሲታጭ የሚጠራ ሰው ነበር ይላሉ። እኔ ትንሽ ስለነበርኩ አላስታውስም። እኔ የማውቀው ቤርሼቫ ያለውን አባቴን ነው፤ እዚህ ደግሞ አፉ እኔ ነበርኩ። ጤና ጣቢያ፣ ባንክ፣ የእህቴ ትምህርት ቤት፣ የትም ስንሄድ እሱ ከምሳሌ ጀምሮ እያሰፋ ይናገራል፤ እኔ ሦስት የዕብራይስጥ ቃል አደርገዋለሁ፤ ጸሐፊዋም እኔን እያየች ትመልሳለች። አሁን ግን በራሱ ቋንቋ፣ ቆሞ፣ ያለ አስተርጓሚ እንዲናገር ተለመነ። ጓደኛው ሄደ። አመሻሽ ላይ በመስኮት ወደ ታች እያየ፣ በዚች መኪና አልሄድም አለ።

አውቶቡስ አለ አልኩት።

«ንግግሬ እኮ የሚጀምረው ከመኪና ስወርድ ነው» አለኝ።

ስለዚህ መታደስ እንዳለባት ተስማማን። ያልተስማማነው እንዴት በሚለው ነው። የእናቴ ወንድም የተጋጩ መኪኖች በሚጠገኑበት ጋራዥ ቀለም ቀቢ ነው። የእሱ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ አሮጌው ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፣ የተጎዳው በስቱኮ ይሞላል፣ መሠረት ይቀባል፣ ከዚያ ነጭ ይነፋበትና ምድጃ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል። እኔ ደግሞ አብሮኝ በውትድርና የነበረ ጓደኛ አለኝ፤ በፋብሪካዎቹ ሰፈር መኪና ቪኒል የሚያለብስ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ቪኒል ስስ ተለጣፊ ፕላስቲክ ነው። ሙቅ አየር እየነፉበት ይለጠጣል፣ በየጎድጓዳው ይገባል፣ ሲሰለች ደግሞ ይላጣል። ጓደኛዬ ናሙናዎቹን ሲያሳየኝ ዓይኔ አንዱ ላይ ቀረ፤ የማያብረቀርቅ ጥቁር፣ ብርሃን ገብቶበት የማይወጣ። በዚህ ከተማ ነጭ መኪና ማለት አሸዋ ማለት ነው፤ ማንም አያየውም። ስለዚያ ጥቁር ግጥም ሁሉ ጻፍኩ። መጥፎ ነበር፣ ግን ረጅም።

አባቴ ናሙናውን በጣቱ ጫፍ ይዞ ገልበጥ ገልበጥ አደረገው። ከሥሩስ ምን ይሆናል ብሎ ጠየቀኝ። ከሥሩ አሮጌው ቀለም እንዳለ ይቀመጣል አልኩት፤ ጥቅሙም እሱ እንደሆነ ላስረዳው ሞከርኩ።

«ከላይ ሌላ ከሥር ሌላ ናችሁ እያሉ ሲመረምሩን ኖረናል» አለ። «አሁን ደግሞ በመኪና ልመርመር?»

አባቴ ክርስትና ከተቀበሉ ቤተ እስራኤል የተወለደ ነው። በልጅነቱ ቤተ ክርስቲያን የሳመ፣ ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ በአይሁድ የሃይማኖት መምህራን፣ በረቢዎች ፊት ቀርቦ የቅድመ አያቶቹን ሃይማኖት እንደ አዲስ የተፈተነ ሰው ነው። እኔ ግን ጮህኩበት። እሱ በአማርኛ ጥቁር የለቅሶ ነው ሲል እኔ በዕብራይስጥ ነጭ የማቀዝቀዣ ነው እላለሁ። እሱ ቀለም ሥጋ ነው፣ ፕላስቲክ ግን ልብስ ነው ሲል እኔ ራቁቱን የሚሄድ ማነው እላለሁ። አጎቴ ስልክ እየደወለ አባቴን ያግዛል፤ ጓደኛዬ ሥዕል እየላከ እኔን ያግዛል። ቀኑ እየቀረበ፣ መኪናዋም እየተላጠች ሄደች። በመጨረሻ እናቴ ነጠላዋን አንስታ ምንም ሳትናገር ወደ ላይኛው ፎቅ ወጣች።

ላይኛው ፎቅ አባባ ይኖራሉ። አባባ ዘመዳችን አይደሉም፤ ከእኛ ብዙ ቀድመው በሱዳን በኩል በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ ናቸው። በሕንፃው ውስጥ የውሃ ቧንቧ እንኳ ቢፈነዳ መጀመሪያ የሚነገረው ለእሳቸው ነው። እናቴ የነገረቻቸው አባትና ልጅ ሊለያዩ ነው ብላ ነበር። መኪና የሚባል ነገር አላነሳችም።

ሽምግልናው ሰንበት ከሰዓት በኋላ በሳሎናችን ተቀመጠ። አባባ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። እንደ ደንቡ፣ ነገሩ ከመሰማቱ በፊት፣ የሚፈረደውን እንደምንቀበል ዋስ ጥሩ ተባልን። አባቴ የእናቴን ወንድም ጠራ፤ እኔ እናቴን ጠራሁ። ዋስ ከተጠራ በኋላ ፍርድ አልቀበልም ማለት የለም፤ እንዲያ ያለ ሰው ሲታመም ጠያቂ፣ ሲሞት ቀባሪ ያጣል። ከዚህ በኋላ አባባ፣ እንግዲህ ጠባችሁ ምንድን ነው አሉ።

ነገርናቸው። አንደኛው ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ ውስጡን አይቶ መልሶ አጠለቀው። አባባ ግን ፊታቸው አልተለወጠም፤ አንዴ የተቀመጠ ሽምግልና በሳቅ አይነሳም። መኪናዋ ትቅረብ አሉ።

ሰንበት ስለነበረ ልትቀርብ አልቻለችም፤ እነሱ ወረዱ። ሰንበት ላለመሻር ማንም አልነካትም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ጎንበስ ቀና እያሉ ዞሯት፤ የታመመች ላም የሚያዩ የከብት ሐኪሞች ይመስሉ ነበር። ከዚያ ዘሯን ቆጠሩ። እኛ ዘንድ ጋብቻ ከመሆኑ በፊት እስከ ሰባት ቤት ስለሚቆጠር ልማድ ሆኖባቸው ይመስለኛል። መጀመሪያ የማን ነበረች? የአከራይ ድርጅት። ከዚያስ? የአንዲት አስተማሪ። አስተማሪዋ ለምን ሸጠቻት? ጡረታ ወጥታ። አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በዘሯ ነውር የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ አስተማሪዋ በሕይወት አለች ወይ ብሎ ጠየቀ። አናውቅም አልን። አለማወቃችን ደስ እንዳላላቸው ያስታውቃል።

አጎቴ ስለ ቀለም ተናገረ፤ እኔ ስለ ቪኒል ተናገርኩ። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙን። ስንጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ ይህ ነገር በተላጠ ቀለም ላይ ይይዛል ወይ? እውነቱን ነገርኳቸው። አይዝም፤ ደህና ቀለም ይፈልጋል፣ በቁስል ላይ ከተለጠፈ ቁስሉ ሁሉ ከላይ ይታያል። ግራዋ ደህና ነው? ደህና ነው። አጎቴም አመነ።

ሦስቱ ወደ ግንቡ ጥላ ሄደው ተመካከሩ። ሲመለሱ አባባ ቆመው ፈረዱ። ጣሪያውን፣ ኮፈኑንና ቀኙን ፀሐይ ጨርሶታልና ቀለም ይቀባ፤ አባት የሚቀመጠው በቀኝ ስለሆነ ነጭ ይሁን። ግራው ጤነኛ ነውና ቪኒል ይልበስ፤ ልጅ የሚቀመጠው በግራ ስለሆነ ጥቁር ይሁን።

«መኪናን በሁለቱም ጎኗ ባንድ ጊዜ የሚያይ ሰው የለም» አሉ። «ለሽምግልና ስትሄዱ ነጩን ለባለቤቶቹ አዙሩ። ለሥራህ ስትሄድ እንደወደድህ።»

እናቴ እልል አለች። እኔና አባቴ ጉልበታቸውን ስመን ታረቅን። አጎቴ ብቻ እንደ ተቀጣ ሰው መኪናዋን እያየ ቀረ።

በሚቀጥለው ሳምንት አጎቴ የራሱን ወገን ቀባ። ቀቢ መቼም ቀቢ ነው፤ ቀኟ እንደ ወተት ሆነ። ከዚያ ወደ ጓደኛዬ ሱቅ ወሰድኳት። ጓደኛዬ ፍርዱን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ዋስ ምን እንደሆነ ሳስረዳው ሳቁን ተወና ደንበኛ እንዳያያት ከኋላ አስገባት። የግራዎቹን በሮች ሲያለብስ፣ እሺ ያልኩህ በጓደኝነት ነው፣ የሠራሁት እኔ መሆኔን ለማንም አትንገር አለኝ። አጎቴም ያለኝ ይህንኑ ነበር። በቀኝ በኩል ያያት ሰው ሙሽራ የምታመላልስ ንጹሕ መኪና ያያል። በግራ ያያት የወጣት መኪና ያያል። ከፊት ለፊት ግን ጢሙን ግማሽ ተላጭቶ መብራት የሄደበት ሰው ትመስላለች።

ወደ ልጅቱ ቤት የሄድነው አርብ ጠዋት ነው፤ ሰንበት ሳይገባ ጨርሰን እንድንመለስ። አባቴ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከጎኔ ተቀመጠ። ከኋላ አባባና የሚዳረው ልጅ አጎት ነበሩ። አባቴ መንገዱን ሁሉ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ድምፅ ግን አይሰማም።

ቤቱ ሽኩና ዳሌት ውስጥ ካሉት አሮጌ ሕንፃዎች አንዱ ነው፣ ምድር ቤት። ወጥ ቤቱ በመንገድ በኩል፣ የሳሎኑ በረንዳ በጓሮ በኩል ባለው መኪና ማቆሚያ ነው። በመንገዱ በኩል ስናልፍ ነጩ ጎናችን በወጥ ቤቱ መስኮት ፊት አለፈ፤ አባባ ከኋላ «በጎ» ሲሉ ሰማሁ። ወደ ጓሮው ስንዞር ግን ክፍት የሆነው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ እዚያ ስገባ ጥቁሩ ለበረንዳው ዞረ። ወጥቼ ልመልሳት ስል አባቴ በሩን ከፍቶ ወርዷል። ንግግሩ ተጀምሯል ማለት ነው፤ ተውኩት።

በክብር ተቀበሉን። የልጅቱ አባት፣ የአባትየው ወንድምና አያትየዋ ነበሩ፤ እናትየዋ ከወጥ ቤት ትገባለች ትወጣለች። ዳቦ ተቆረሰ፣ ቆሎ ቀረበ፣ ለስላሳ ተቀዳ። ጤና ተጠያየቅን።

ደንቡ፣ የቤቱ ጌታ እንግዶቹን ምን እግር ጣላችሁ ብሎ ይጠይቃል፤ ያን ጊዜ ተናጋሪው ይነሳል። የልጅቱ አባት ግን አልጠየቀም። ስለ ሙቀቱ ተናገረ። አባባ ስለ ሙቀቱ መለሱ። ስለ አንድ የሞተ ሰው ተነሳ፤ ሁላችንም አዘንን። አባቴ ወገቡን አስተካክሎ፣ ለመነሳት የተዘጋጀ እግሩን ወደፊት ገፋ አድርጎ ይጠብቃል። የልጅቱ አባት በሩን ያያል። አያትየዋ በሩን ያያሉ። ግድግዳው ሥር የተደረደሩ ባዶ ወንበሮች አሉ፤ እኛ የራሳቸውን ዘመድ የሚጠብቁ መሰለን። ሰው ቤት ገብቶ ማንን ትጠብቃላችሁ ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። አያትየዋ የተቆረሰውን ዳቦ እንዳይደርቅ መልሰው ሸፈኑት። የአባቴ ከንፈር መንቀሳቀሱን አቆመ። ንግግሩ እንደ ወጥ አፉ ውስጥ ሲቀዘቅዝ የማየው መሰለኝ።

በመጨረሻ የአባትየው ወንድም በጆሮው ተነገረውና በበረንዳው በኩል ወጣ። ቆይቶ ሲመለስ ፊቱ ተለውጧል።

«በጥቁሩ መኪና ውስጥ ማንም የለም» አለ። «የእናንተ ነጩ ደግሞ ተሰርቋል።»

ያን ጊዜ ገባኝ። እናትየዋ ከወጥ ቤት ነጭ መኪና አይታለች። ወንድምየው ከበረንዳ ጥቁር መኪና አይቷል። ሽማግሌው በሁለት መኪና መጣ ተባብለው ወንበር ጨምረዋል፣ ምግብ ጨምረዋል፤ የጥቁሩ መኪና ሰዎች እስኪገቡ ሽማግሌ ሳይሟላ ነገር አይጀመርም ብለው ይጠብቁ ነበር። እኛን ቀሪዎቹ የት ቀሩ ብሎ መጠየቅ ለእነሱም ነውር ሆኖባቸው ነው። ሁሉም ተነሳ። የልጁ አጎት ፖሊስ ሊጠራ ስልኩን አወጣ። አያትየዋ ቀሪዎቹ ሽማግሌዎች አብረው ተሰርቀው እንደሆነ ጠየቁ።

አፌን ከፈትኩ። የብዙ ዓመት ልማድ ነው፤ ነገር ሲበላሽ የምናገረው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው የዕብራይስጥ ቃል ወጥቶ ነበር። አባቴ ክንዴን ያዘ።

«ተው» አለኝ። «ዛሬ እኔ ነኝ።»

ከዚያ ወደ ባለቤቶቹ ዞሮ፣ ኑ ውጡ፣ የመጣንባትን ላሳያችሁ አለ። ሁላችንም በበረንዳው በኩል ተከትለነው ወጣን። ከመኪናዋ አፍንጫ ፊት ቆመ፤ አንድ እጁን ወደ ነጩ፣ አንድ እጁን ወደ ጥቁሩ ዘርግቶ ተናገረ። ከፀሐዩ ጀመረ። ስለ ብርጭቆ ወረቀትና ስለ ሙቅ አየር፣ ስለ ጠባችን፣ ስለ ዋሱ፣ ስለ ፍርዱ፣ እኔ እዚህ ከጻፍኩት በጣም አሳምሮ ተናገረ። በየፎቁ ሰው ወጣ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሩሲያኛ ተናጋሪ የሆነች ሴትዮ እርጥብ አንሶላ በእጇ ይዛ ቀረች። የልጅቱ አባት በነጩ ሄዶ፣ በጥቁሩ ዞሮ፣ እንደገና በነጩ መጣ።

«ፍርዱ አልከፋችሁም?» ብሎ ጠየቀ።

«ከፍቶናል እንጂ» አለ አባቴ። «የሚስቴ ወንድም ጋራዥ ሰው ሁሉ ሲስቅብን ከርሟል። ግን ዋስ ጠርተን ነበር። እኛ ልጃችሁን የምንለምነው ሲጣላ ሽማግሌ ለሚሰማ፣ የተፈረደበትንም ተሸክሞ ለሚሄድ ቤት ነው። መልካችን እንደምታዩት ነው። ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን።»

ማንም ምን እግር ጣላችሁ ሳይለው፣ ሳሎን ሳይሆን በጓሮው ቆሻሻ መጣያ አጠገብ፣ ቃሉ ተነገረ።

የልጅቱ አባት ደንቡ እንደሚያዘው መለሰ፤ ሰምተናል፣ እንመክራለን፣ ተመለሱ። በመጀመሪያ ጉዞ እሺ የሚል የለም፤ ልጅቱ የተሰጠችው በሦስተኛው ነው። የዚያን ቀን ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። የአባትየው ወንድም ጥቁሩን በር እየዳሰሰ፣ እኔ ብሆን ጣሪያውንም ለሁለት እከፍለው ነበር አለ። ፍርዳቸው ሲነቀፍ የሰሙት አባባ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው ምክንያታቸውን ከመጀመሪያው ጀመሩ። የልጅቱ ነገር ተረስቶ የመኪናዋ ነገር እንደ አዲስ ተከፈተ። ሰንበት ደረሰ ብላ እናትየዋ ባትጠራን ኖሮ ይግባኙ እዚያው ይፈረድ ነበር። አያትየዋ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ላልመጡት እንግዶች የወጣውን ምግብ ወደ ድስት አልመልስም፣ በእንግዳ ስም ወጥቷል አሉ። በአሉሚኒየም ሳህን አሽገው አስያዙን።

ስንመለስ አባባ ከኋላ ለይግባኙ የሚሰጡትን መልስ ለልጁ አጎት ያስረዳሉ። አባቴ ትኩስ ሳህኖቹን ጭኑ ላይ ደርድሮ ተቀምጧል። መብራት ይዞን ስንቆም ወደ እኔ ሳይዞር ጠየቀኝ።

«ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ሰማችኝ?»

«አማርኛ አትችልም እኮ፣ አባ።»

«እሱን መች ጠየቅሁህ። ሰማችኝ ወይ?»

«ሰምታሃለች» አልኩት። «አንሶላውን ሳታሰጣ ነው የቀረችው።»

መብራቱ ለቀቀን። አባቴ የላይኛውን ሳህን ክዳን ገለጥ አደረገና ካልመጡት ሽማግሌዎች ድርሻ ጉርሻ እየጠቀለለ መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞሮ አባባን፣ ቀጥሎ መሪውን እንደያዝኩ እኔን አጎረሰ።